ከልዕልቲቱ ጋር የሚሄዱት

ኬሳርፑር፣ ከዲዋሊ በዓል ማግስት፣ 1936 እ.ኤ.አ.

ለተወደድህ ወንድሜ ለናቱ፤ ሞምባሳ።

የኮረብታዋ አምላካችን፣ እናት አምባ፣ በሄድክበት ጥላ፣ በተቀመጥክበት ምርኩዝ ትሁንህ። ስለ ጤናህ አብዝቼ እጠይቃለሁ። ጌንዲም እኔም በማሃራጃው ቸርነት ደኅና ነን፤ ከእህልም ከውሃም የጎደለብን የለም።

ልዕልቲቱ የቢርዋዳን ወራሽ ልታገባ ነው። ሠርጉ ከሆሊ በዓል በኋላ ኮከብ ቆጣሪዎቹ በሚቆርጡት ቀን ይሆናል። ቤተ መንግሥቱ ከጣሪያው እስከ ደጁ ኖራ እየተቀባ ነው፤ ዝሆኖቹ ሳይቀሩ ለሠርጉ እየተኳሉ ነው። የእንግሊዙ እንደራሴም ከነባለቤታቸው ይገኛሉ ተብሏል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደስታ ግን የእኛ ቤት ነው። የሴቶቹ ግቢ አለቃ እመት ኢንድራባይ ልጄን ጌንዲን መርጠዋታል። ከልዕልቲቱ ጋር ከሚሄዱት ደንገጡሮች አንዷ ትሆናለች። ትልቅ ክብር ነው። ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኛል።

ብትችል ለጌንዲ ቀይ ጨርቅ ላክላት። ሌላ የምፈልገው የለም።

ይህን የሚጽፍልኝ የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ነው። እመት ኢንድራባይም አጠገባችን ተቀምጠው "ደኅና ነኝ በዪው" ይሉኛል። ደኅና ነኝ።

እህትህ ዳፑ


ሞምባሳ፣ ጥር 6፣ 1937 እ.ኤ.አ.

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዳፑ፤

ከባሕር ማዶ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እግርሽን ነክቻለሁ። ምርቃትሽ አይለየኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጌንዲ! እኔ ስወጣ ገና ድክ ድክ ትል አልነበረም እንዴ? አሁን የልዕልት ደንገጡር ሆነች። እናታችን ይህን አይታ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ቀዩን ጨርቅ ከአማቴ ከዱንጋር ሲንግ ሱቅ ራሴ መርጬ ልኬአለሁ፤ ዳርና ዳሩ ወርቀ ዘቦ ነው። ባለቤቴ ሳቪታም እጅ ትነሣለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሙ ወንድ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

አንድ ትንሽ ነገር ላስቸግርሽ። ከእንግዲህ ስትጽፊ ፖስታው ላይ "ከኬሳርፑር ቤተ መንግሥት" የሚለውን ተዪው። "ለናቱ ሲንግ፣ በዱንጋር ሲንግ ሱቅ በኩል" ይበቃል። የግቢ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እዚህ ወሬ ያበዛል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ታናሽሽ ናቱ


ኬሳርፑር፣ ጥር መጨረሻ

ወንድሜ፣

ያለፈውን ደብዳቤዬን እሳት ውስጥ ጣለው። እሱን ያስጻፈችኝ ኢንድራባይ ናት። ይህን የሚጽፍልኝ የአንባር ሻጭዋ የዘይቱን ባል ነው። ለሠርጉ የሚሆን አንባር ላምጣ ብዬ ከግቢ ወጥቼ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ጊዜ የለኝምና ሰላምታው ይቅርብን።

ጌንዲ ደንገጡር ሆና አይደለም የምትሄደው። ማጫ ሆና ነው። ከብር ሳህኑ፣ ከፈረሶቹ፣ ካጌጠው አልጋ ጋር አብራ ትሰጣለች። ወልዳ ብትከብድ ልጆቿ የቢርዋዳ ናቸው፤ ባል ልያዝ ብትል ፈቃጁ ቢርዋዳ ነው። አንተ ወንድ ነህ፣ በልጅነትህ ሾልከህ ወጣህ፤ እናታችን ምን እንደነበረች ግን አትረሳም። እሷም ከራጅማታ ጋር፣ ከአሁኑ ማሃራጃ እናት ጋር ማለቴ ነው፣ ማጫ ሆና ነው የመጣችው። እኛም የግቢ ውልድ ሆነን የቀረነው በዚያው ነው።

የቢርዋዳ ወሬ ደግሞ ክፉ ነው። የሙሽራው አጎት ወደ ሴቶቹ ግቢ የሚገባው እንደ ጓዳው ነው ይላሉ። ከዚህ ቀደም ወደዚያ ከተሰጡት ልጆች አንዷን ከውሃ ጉድጓድ አውጥተዋታል። "አዳልጧት ነው" ተባለ። ሴት ልጅ ወገቧ ላይ ድንጋይ አስራ ያዳልጣታል?

ራጅማታ እግር ላይ ወደቅሁ።

"እመቤቴ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷን ይተዉልኝ" አልኳቸው።

ጥርስ የሚያቀላውን የፓን ቅጠላቸውን እያኘኩ ቁልቁል አዩኝና፣ "ምነው ዳፑ፣ እናትሽ ከእኔ ጋር መጥታ የለም እንዴ? በመምጣቷ ሞተች?" አሉኝ።

"በዚያስ አልሞተችም እመቤቴ።"

"ታዲያ! እኔስ ያባቴን ቤት ለቅቄ አልመጣሁም? ሴት ልጅ እኮ ለመሄድ የተፈጠረች ናት!"

በዙሪያቸው ያሉት ሴቶች ሳቁ። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

እናታችን በየጠዋቱ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስትቀመጥ ትዝ ይልሃል? እኛ ጸሎት ይመስለን ነበር። አገሯ በዚያ በኩል ነበር ናቱ።

አሁን የምልህን ስማ። አንተ እንግሊዝ ራሱ በሚገዛው አገር ነው የምትኖረው። ለእንደራሴው ጻፍ። "አጎቷ ነኝ፣ ባል አግኝቼላታለሁ፣ ይልቀቁልኝ" በል። የእኔን ቃል ማንም አይሰማም፤ የወንድ ቃል፣ ያውም ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል፣ ይሰማ ይሆናል። ካልሆነ ራስህ ና።

ቀዩ ጨርቅ ደርሷል። ኢንድራባይ ወስዳ ከማጫው ጋር ቆልፋበታለች።

ዳፑ


ሞምባሳ፣ የካቲት 20

ለእትዬ ዳፑ፤

እግርሽን እየነካሁ ስለ ጤናሽ እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ሳቪታ መውለጃዋ ስለተቃረበ ቤቱ ጭንቅ ላይ ነው፤ ለዚህም ነው መልሴ የዘገየው።

ያልሽውን ሁሉ በልቤ ይዣለሁ። ግን እትዬ፣ ነገሩን ረጋ ብለሽ እዪው። ሰው ስለ ሰው ቤት ያልሆነውን ያወራል። ቢርዋዳ ኤሌክትሪክ መብራት ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልዕልቲቱም ጌንዲን ከልጅነቷ ታውቃታለች፤ ትጠብቃት የለም? ለእንደራሴው ስለመጻፉ፣ ከዚህ ሆኖ መጻፍ ያስቸግራል። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ይላሉ። ደብዳቤው እዚህ ላሉት ባለሥልጣናት ይላካል፤ እነሱም ሱቁ ድረስ መጥተው ይጠይቃሉ። አንቺ እዚያው ቅርብ ስለሆንሽ ራስሽ አቤት ብትይ ይሻላል።

ለጊዜው ጥቂት ሩፒ በዘይቱን ባል ስም ልኬልሻለሁ። ለኢንድራባይ እጅ መንሻ አድርጊው።

ናቱ


ኬሳርፑር፣ መጋቢት አጋማሽ

አምባ ትጠብቅህ። ሰላምታው ይኸው ነው።

ራስሽ አቤት በዪ ብለኸኛል። አልኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

የእንደራሴው ሚስት የሠርጉን ዕቃ ለማየት ወደ ሴቶቹ ግቢ መጣች። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ነገር ተደርድሯል፤ ብሩ፣ ሐሩ፣ ሣጥኑ። በስተመጨረሻው ሴት ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ተጎንጉኖ፣ ዓይናቸው ተኩሎ። የማጫው ልብስ ሆኖ ቀዩ ጨርቅህ ተሰፍቶ ጌንዲ ለብሳዋለች፤ እንዴት እንዳማረባት አልነግርህም። ሴትዮዋ ሳህኖቹን እያየች፣ እያደነቀች መጣችና ጌንዲ ጋ ስትደርስ ቆመች። አገጯን ቀና አድርጋ አየቻት። ያን ጊዜ ከምሰሶው ኋላ ወጥቼ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

"እሜቴ፣ ይህች ልጄ ናት! እየነጠቁኝ ነው! በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ ለባልሽ ንገሪልኝ!"

ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኢንድራባይ ዞረች። ኢንድራባይ ከልዕልቲቱ አስተማሪ የለቀመቻት እንግሊዝኛ አለቻት። ፈገግ ብላ አንድ ነገር አለቻት። ሴትዮዋም ፊቷ በራ፤ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና ነጭ መሐረቧን ለጌንዲ ሰጥታት ሄደች።

ኋላ ኢንድራባይን ምን ብለሽ ነገርሻት አልኳት። "ልጄ ስለተመረጠችልኝ አመሰግናለሁ ትላለች አልኳት" አለችኝ። ከዚያ በጥፊ መታችኝ።

በማግስቱ ከሴቶቹ ግቢ አስወጣችኝ። አሁን የፈረስ ሽምብራ የሚከካበት ወፍጮ ቤት ነኝ። ጌንዲን የማያት ከሩቅ፣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው። እጇን ታነሣልኛለች። ካዩአት ስለምትመታ ወዲያው ታወርዳለች። ዘይቱን ግን ለአንባር ልኬት እየገባች ቃሏን ታመጣልኛለች። "እማዬ እንዳታለቅስ በያት" ትላለች አሉ።

ሠርጉ በሚያዝያ መጨረሻ ሆኗል።

ናቱ፣ በስምህ ጭራ ላይ ስለቀጠልካት "ሲንግ" አልጠየቅሁህም። የፖስታውን ነገር ስትነግረኝ ገብቶኛል። አማትህ ከተዋጊ መኳንንት ዘር፣ ራጅፑት ነህ ብሎ ልጁን ሰጥቶሃል፤ የግቢ ውልድ መሆንህን ቢያውቅ ቤትህ ይፈርሳል። ተሻግረህ ስም ለወጥህ፣ ሰው ሆንክ፤ እሰይ፣ ደግ አደረግህ። እኔ እንኳን ልፈርድብህ፣ በየቀኑ እመርቅሃለሁ። ጌንዲ ግን ስሟን የምትለውጥበት መርከብ የላትም።

ሩፒውን ለኢንድራባይ ሰጠኋት። ተቀብላ ሳቀችብኝ።

ዳፑ


ቦምቤ፣ ሚያዝያ 17

እትዬ፣

ቦምቤ ነኝ። መጥቻለሁ።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብሁት። አማቴ ጨርቅ እየለካ ነበር። ገበያተኛው እስኪወጣ እንኳ አልጠበቅሁም።

"አባባ፣ እኔ ራጅፑት አይደለሁም። የኬሳርፑር ቤተ መንግሥት የጓዳ ውልድ ነኝ" አልኩት።

"ቀልድ ነው?" አለኝ።

"አይደለም።"

ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያጠፈው። "ልጄን ለማን ነው የሰጠሁት?" አለ፤ እኔን አልነበረም የሚጠይቀው። ከዚያ ጮኸ። "ምን አስለፈለፈህ? ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ማን!"

"እህቴ" አልኩት።

ሳቪታ በዚያው ንጋት ወልዳ ከሱቁ ጀርባ አራስ ቤት ነበረች፤ ወንድ ነው። ሁሉን ሰምታለች። አባቷ ከእኔ ጋር እንዳትነጋገር ከልክሏት ነበር፤ ግን በመጋረጃው ሥር የጆሮ ወርቋን በጨርቅ ቋጥራ ወረወረችልኝ። "ሂድ" አለችኝ። "ስትመለስ በሩ ይከፈትልህ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ግን ሂድ።" የልጄን ፊት ሳላይ ነው መርከብ የተሳፈርኩት።

አሁን በደንብ ስሚኝ። የማሃራጃው ባቡር ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ ራታንፑር ሲደርስ ያልቃል። ሠርገኛው በሙሉ እዚያ ወርዶ ወደ ትልቁ ባቡር መሻገር አለበት። ራታንፑር ጣቢያ ደግሞ የኬሳርፑርም የቢርዋዳም አይደለም፤ የእንግሊዝ መሬት ነው። ጠበቃ ጠይቄአለሁ። እዚያ ማንም ሰው ሌላውን ሰው "የእኔ ነው" ሊል አይችልም።

ሴቶቹ ሲሻገሩ ወንድ እንዳያያቸው ግራና ቀኝ ሸራ ይወጠርላቸዋል። እኔ ከውሃው ማጠራቀሚያ አጠገብ፣ ቢጫ ጥምጥም አድርጌ እቆማለሁ። ስሟን እጣራለሁ። ሸራውን ገልጣ ወደ እኔ ትሩጥ። ሌላ ምንም አታድርግ፤ ትሩጥ ብቻ። ዘይቱን ለሠርጉ አንባር ስታጠልቅላት በጆሮዋ ትንገራት።

ናቱ


አህመዳባድ፣ ግንቦት መጀመሪያ

እትዬ ዳፑ፣

ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። እንደሆነው እነግርሻለሁ።

ቀትር ላይ ነው የደረሱት። በመጀመሪያ ሙዚቀኞቹ ወረዱ፤ ቀጥሎ ሸራው ተወጠረ። ከሸራው በታች እግር ብቻ ይታያል። የሴቶች እግር፣ አልቦ ያሰረ፣ ብዙ እግር። የትኛው የእሷ እንደሆነ እንዴት ልወቅ? መልኳንም አላውቀው። ሙዚቃው ድምፄን እየዋጠው፣ "ጌንዲ! ጌንዲ!" እያልሁ ጮኽሁ።

ሸራው ተገለጠና አንዲት ልጅ ወደ እኔ ሮጠች። አቀፍኋት። ወዲያው አንድ የግቢው ዘበኛ ደርሶ በፀጉሯ ያዛት።

"የማሃራጃው ንብረት ናት፣ ልቀቅ!"

"የእህቴ ልጅ ናት!"

የጣቢያው ሹም መነጽሩን እየጠረገ መጣ። ሽማግሌ ነው፣ ጎስቋላ። "ልጅቷ ቲኬት አላት?" አለ። ቆርጬላት ነበር፤ አሳየሁት። ወደ ዘበኛው ዞሮ፣ "ቲኬት ያለው ሰው እዚህ ተሳፋሪ ነው። ንብረት ከሆነች ዕቃ ክፍል ሄደህ ደረሰኟን አምጣ" አለው። ዘበኛው ለቀቃት። እኔም ይዣት በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ። እትዬ፣ ያን ሰዓት ያየኝ ሰው ያበድሁ ይመስለው ነበር፤ እያለቀስሁ እስቅ ነበር።

ለልጅቷም ሙዝ ገዛሁላት፤ አልበላችም። አህመዳባድ ደርሰን የመንገደኞች ማረፊያ ስንገባ፣ "ጌንዲ፣ አይዞሽ፣ እናትሽን እናስመጣታለን" አልኳት።

"ጌንዲ አይደለሁም" አለችኝ።

"ምን?"

"ሂራ ነኝ። ጌንዲ ናት የገፋችኝ። 'ቢጫ ጥምጥም ወዳለው ሰውዬ ሩጪ፣ ጌንዲ ሲልሽ አቤት በዪ' አለችኝ።"

"እሷስ ለምን አልመጣችም?"

"'እኔ ከጠፋሁ እናቴን ይገድሏታል። አንቺ ማንም የለሽም፤ በአንቺ ሰበብ የሚቀጡት ሰው የለም' አለችኝ።" ይህን ብላ ታለቅስ ጀመር። "እንቢ ብያት ነበር፤ በጣም ነው የገፋችኝ" ትለኛለች። እንዳልመታት ፈርታ ነው።

ሂራን ለማረፊያው ጠባቂ ሚስት አደራ ሰጥቼ ቢርዋዳ ድረስ ሄድሁ። የግቢውን በር አየሁት። ከዚያ ያለፈ ነገር አላየሁም፤ ዘበኞቹ አጥንቴ እስኪላላ ደበደቡኝ። አሁን አንድ እጄ ታስሯል፤ በሌላው ነው የምጽፈው።

ስድብሽን ላኪልኝ። የፈለግሽውን በዪኝ፤ ብቻ ዝም አትበዪኝ።

ናቱ


ኬሳርፑር፣ ግንቦት መጨረሻ

ለወንድሜ ለናቱ፤

የአምባ እጅ የተሰበረውን እጅህን ትጠግን። አትሰደብም። መጥተሃል፤ ጮኸህ ጠርተሃታል፤ በቃኝ።

የዘይቱን ባል ሲያነብልኝ "ጌንዲ አይደለሁም" የምትለዋ ላይ ሲደርስ አቁም አልኩት። ቀሪውን በማግስቱ ነው የሰማሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ውሎውን ያቺን ልጅ ጠላኋት። "ምናለ እግሯ በተሰበረ" አልሁ። ማግስቱን ጌንዲ ያለችውን ስሰማ አፌን ያዝሁ። ልጄ እኔን ለማትረፍ ነው የቀረችው። ይህን ተሸክሞ ሽምብራ መክካት እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ። ወፍጮው ይዞራል፣ እኔ እዞራለሁ።

እዚህ ደግሞ ነገር ተነሣ። ቢርዋዳዎቹ "ማጫው ጎድሏል፣ አንዲት ልጅ ሰርቃችሁናል" ብለው ላኩ። ኢንድራባይ በየእልፍኙ እየዞረች ምትክ ትፈልግ ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስገቡበት ጠፋቸው። አንዷ የልጇን ፊት በፍም ጠበሰችው፤ መልከ ጥፉ ብትሆን ይተዉልኛል ብላ።

እኔ ዱቄቴን እንኳ ሳላራግፍ ራጅማታ ፊት ገባሁ።

"እኔን ይላኩኝ እመቤቴ" አልኩ።

ኢንድራባይ፣ "አንቺ አሮጊት! ሙሽራ ቤት ነው የሚኬደው፣ መቃብር አይደለም" አለች።

"እፈጫለሁ፤ ሕፃን አዝላለሁ፤ ያመመውን አስታምማለሁ። ቁጥር እንዲሞላ አይደለም የፈለጋችሁት? እኔም አንድ ሰው ነኝ" አልኩ።

ራጅማታ ማኘካቸውን አቆሙ። "ዳፑ፣ በገዛ ፈቃዷ ማጫ የሆነች ሴት አይቼ አላውቅም" አሉኝ።

"ልጄ ያለችበት ነው እመቤቴ። እሳትም ቢሆን እገባበታለሁ።"

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። "ትሂድ" አሉ ራጅማታ፤ ፊታቸውንም አዞሩ።

ነገ ጠዋት ከቀረው ዕቃ ጋር በበሬ ጋሪ እሄዳለሁ። ነጻነት እንዳይመስልህ፤ ወደ ባሰው ቤት ነው የምሄደው፣ አውቃለሁ። የሙሽራው አጎት በጌንዲ ደጅ ሲያልፍ ግን በሩ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። እኔን ሳይረግጥ አይገባም። ከዚህ ወዲያ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ላገኝም ላላገኝም እችላለሁ፤ ዝም ብል ሞተች አትበል።

አንተ ወደ ሚስትህ ተመለስ። ያቺ ሴት ወርቋን የወረወረችልህ እንድትመለስ ነው። በሩ ቢዘጋብህ ደጁ ላይ ተቀመጥ፤ ልጅህ ሲያለቅስ ትሰማለህ፣ እሱም ይሰማሃል። ሂራን ይዘሃት ሂድ። ማንም የላትም ተብላ ነው የተረፈችው፤ አሁን ሰው አላት። አትምታት፤ ስትፈራ ሽንቷ ያመልጣታል፣ አትቆጣት። ፊደል አስቆጥራት፤ እንደኔ ልቧን በሰው እጅ እንዳታስጽፍ።

እና ናቱ፣ ሂራ እያልክ ጥራት። ጌንዲ ብለህ እንዳትጠራት። ጌንዲ አለች።

እህትህ ዳፑ